ከውዳቂ ዕቃ የተሠራች የፍጥነት መኪና፦ የሆት ሮድ ሞዴል ሥራና በውስጡ ያለው ሳይንስ

በልጅነቱ ሽቦ አጣምሞ፣ ቆርኪ ቀጥቅጦ ወይም የሰርዲን ቆርቆሮ በስቶ መኪና ያልሠራ አንባቢ ቢኖር እንኳ የሰፈር ጓደኛው ሲሠራ ማየቱ አይቀርም። ያ ልጅ ሳያውቀው አንድ ቀላል ያልሆነ ጥያቄ መልሷል። በየመንገዱ ከወደቀው ዕቃ ሁሉ መካከል የትኛው ጎማ፣ የትኛው መሪ፣ የትኛው የመኪና አካል ሊሆን እንደሚችል በዓይኑ መዝኖ ለይቷል። በሌላው ዓለም ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችም ይህንኑ ሥራ ካሊፐር ይዘው፣ ስሌት ጽፈው፣ የፕላስቲክን ጠባይ አጥንተው ይሠሩታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመጫወቻው ውበት ሳይሆን ልኬት ነው።

በዚህ ጽሑፍ «ሆት ሮድ» በመባል ከሚታወቁት አሜሪካዊ የፍጥነት መኪናዎች መካከል አንዱንና ለየት ያለውን ዓይነት ወስደን፣ ከተጣሉ ዕቃዎች ከእውነተኛው ሃያ አምስት ጊዜ ያነሰ ሞዴሉ እንዴት እንደሚሠራ እንመለከታለን። እኔም ይህን ሥራ አዲስ አበባ ውስጥ በትርፍ ጊዜዬ ሞክሬዋለሁ፤ ካጋጠሙኝ ስሕተቶች መካከል አንዱ ከማንኛውም ስኬት ይልቅ አስተምሮኛልና በቦታው አነሳዋለሁ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ግን ከወዲሁ ሊነገር ይችላል፤ አንድ ውዳቂ ዕቃ የመኪና አካል የሚሆነው ስለሚመስል አይደለም፣ ሲለካ ልኩ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ሆት ሮድ ምንድን ነው?

ሆት ሮድ ማለት ባጭሩ አላስፈላጊ ሸክሙ ተራግፎለት፣ ሞተሩም ጎልብቶ ለፍጥነት የተዘጋጀ አሮጌ መኪና ነው። የልማዱ መነሻ በደቡባዊ ካሊፎርኒያ ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረው የወጣቶች ኑሮ ነው። ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለው መኪና እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ ስለነበር፣ ያረጀውን በጥቂት ገንዘብ መግዛት አዳጋች አልነበረም። ወጣቶቹ ፓራፋንጎውን፣ ኮፈኑንና የፊት መስተዋቱን እየነቀሉ መኪናውን ያቀልሉታል፤ ከሌላ መኪና ያገኙትን ሞተር ወይም ካምቢዮ ይገጥሙለታል፤ ከዚያም በሞሀቪ በረሃ ወደሚገኙት ሙሮክና ኤል ሚራዥ ወደተባሉ የደረቁ ሐይቆች ወስደው በተነጠፈው ጠፍጣፋ ጭቃ ላይ ፍጥነቱን ይለኩታል። እ.ኤ.አ. በ1937 እነዚህን ውድድሮች የሚመራና ሰዓት የሚይዝ ማኅበር በአካባቢው ተቋቋመ።

ለዚህ ልማድ ታላቅ ጉልበት የሰጠው ፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1932 ለተራው ገዥ ያቀረበው ቪ8 ሞተር ነው። ስምንቱ ሲሊንደሮቹ አራት አራት ሆነው በቪ ቅርጽ የተደረደሩ፣ ጠቅላላ ይዘቱ 3.6 ሊትር፣ ጉልበቱም በመጀመሪያው ዓመት 65 የፈረስ ጉልበት ነበር። ቫልቮቹ በብሎኩ ውስጥ ስለሚገኙ ቴስታታው እንደ ክዳን ጠፍጣፋ ነው። ይህ ሞተር በሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት የሆት ሮድ ሠሪዎች ዋነኛ መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል።

ከአውሮፕላን ነዳጅ ታንከር የተወለደ መኪና

በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላኖች ረጅም ርቀት ለመብረር በክንፋቸው ሥር ተጨማሪ የነዳጅ ታንከር ያንጠለጥሉ ነበር። ታንከሩ ነዳጁ ሲያልቅ ከአየር ላይ የሚጣል ስለሆነ ቀላልና ርካሽ፣ ከነፋስ ጋር ስለሚጋፈጥም ፊቱ ደብልቦ ኋላው እየሾለ የሚሄድ የውሃ ጠብታ መሰል ቅርጽ ነበረው። ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙዎቹ ጥቅም አልባ ሆነው ቀሩ።

ቢል በርክ የተባለ የካሊፎርኒያ ሆት ሮድ ሠሪ በጦርነቱ ጊዜ በፓስፊክ ውቅያኖስ አካባቢ ሲያገለግል እነዚህን ታንከሮች ተመልክቶ፣ ቅርጻቸው ለመኪና አካል እንደሚሆን አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1946 ከፒ-51 ተዋጊ አውሮፕላን ታንከር የመጀመሪያውን መኪና ሠራ። ይሁን እንጂ ታንከሩ ጠባብ ነበርና ቀጥሎ ወደ ትልቁ የፒ-38 አውሮፕላን ታንከር ተሸጋግሮ፣ ሾፌሩን ከፊት፣ ሞተሩን ከኋላ አስቀመጠ። የእርሱን ፈለግ ከተከተሉት መካከል ስመ ጥሩው የአሌክስ ዚዲያስ መኪና ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1952 በዩታ ግዛት በሚገኘው የቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት 198 ማይል፣ ማለትም ወደ 319 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጧል።

ይህ ውጤት የተገኘው በሞተር ጉልበት ብቻ አይደለም። አየር በሚሮጥ አካል ላይ የሚያሳድረው ተቃውሞ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ ያንን ተቃውሞ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው አቅም ደግሞ ተቃውሞው በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኝ ስለሆነ ከፍጥነቱ ኪዩብ ጋር ያድጋል። ስለዚህ ፍጥነትን ከ160 ወደ 320 ኪሎ ሜትር በእጥፍ ለማሳደግ አየርን ለመግፋት ብቻ ስምንት እጥፍ አቅም ያስፈልጋል ማለት ነው። ስምንት እጥፍ ሞተር ከየትም አይገኝም። የፊት ስፋትን ማሳነስና ቅርጽን ማለስለስ ግን ይቻላል፤ የተጣለው ታንከር ሁለቱንም በነፃ ይዞ መጣ።

አንባቢ እንደሚያስተውለው እውነተኛው መኪና ራሱ ከውዳቂ ዕቃ የተሠራ ነው። ስለዚህ ይህን መኪና በሞዴል መልክ ከውዳቂ ዕቃ መሥራት የመኪናውን መልክ ብቻ ሳይሆን የሠሪዎቹን ዘዴም መከተል ይሆናል።

ሃያ አምስት ጊዜ ማሳነስ ምን ማለት ነው?

ሞዴል ሠሪዎች የሚመሩበት ቁጥር ስኬል ይባላል። በመኪና ሞዴል ሥራ የተለመዱት 1/24 እና 1/25 ናቸው። የመጀመሪያው አንድ ጫማ የነበረውን ግማሽ ኢንች የሚያደርግ በመሆኑ በእንግሊዝ መለኪያ ለሚሠራ ሰው ይመቻል። ሁለተኛውን ያስፋፉት የአሜሪካ የሞዴል ፋብሪካዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኤኤምቲ እ.ኤ.አ. በ1958 ከአንድ ሳጥን ሦስት ዓይነት መኪና ለማውጣት የሚያስችሉ የፕላስቲክ ስብስቦችን ለገበያ አቀረበ። ገዥው አንዱን ዓይነት መርጦ ሲሠራ የሌሎቹ ክፍሎች ይተርፉ ነበር። የተረፉትን በሳጥን እያጠራቀሙ አዲስና ያልታየ መኪና መፍጠር የተለመደው እንዲህ ባለ ምክንያት ነው። በእኛ ገበያ እነዚህ ስብስቦች እንደልብ ስለማይገኙ የእኛ ሳጥን የሚሞላው ከቧንቧ ሠራተኛ፣ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛና ከወጥ ቤት በተረፈ ዕቃ ነው።

እኛ 1/25ን እንውሰድ። ርዝመት በ25 ሲካፈል፣ ስፋት በ25 ጊዜ 25 ማለትም በ625፣ ይዘት ደግሞ በ25 ጊዜ 25 ጊዜ 25 ማለትም በ15,625 ይካፈላል። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ሥራውን ሁሉ ይገዛሉ።

ትልቁ የፒ-38 ታንከር 315 የአሜሪካ ጋሎን፣ ማለትም ወደ 1,190 ሊትር ገደማ ይይዝ ነበር። ይህን በ15,625 ብናካፍለው 76 ሚሊ ሊትር እናገኛለን። አንድ ትልቅ በርሜል ስድስት ጊዜ ሞልቶ ሊተርፍ ምንም የማይቀረው ነዳጅ በሞዴሉ ውስጥ ከአንድ የቡና ስኒ እምብዛም አይበልጥም። ስሌቱ ለመደነቅ ብቻ አይደለም፤ የምንፈልገውን ልክ ያስገኝልናል። ታንከሩን ለግምት ያህል እንደ ረጅም እንቁላል ወይም ኤሊፕሶይድ ቆጥረን፣ ርዝመቱ የዲያሜትሩ አራት እጥፍ ነው ብንል፣ 1,190 ሊትር ለመያዝ ዲያሜትሩ ወደ 83 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ 3.3 ሜትር መሆን አለበት። በሞዴሉ ይህ 33 ሚሊ ሜትር በ132 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሞዴላችን አካል ልክ በእጃችን ገባ ማለት ነው።

ልኩ እንደተገኘ ሾፌሩን እንሞክር። ቁመቱ 175 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው በሞዴሉ 70 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የትከሻው ስፋት 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 18 ሚሊ ሜትር ይሆንና በ33 ሚሊ ሜትሩ ውስጥ ይገባል። ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ግን ከመቀመጫው እስከ አናቱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 36 ሚሊ ሜትር ነውና ከታንከሩ ከፍታ ያልፋል። በእውነተኞቹ መኪናዎች ፎቶግራፍ ላይ የሾፌሩ ራስ ከታንከሩ በላይ ብቅ ብሎ፣ በግልጽ ፕላስቲክ ተሸፍኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ከካርቶን የተቆረጠ የ70 ሚሊ ሜትር ሰው ሞዴል ሠሪው ሊኖረው የሚገባ የመጀመሪያ መሣሪያ ነው። የራሳችንን ለየት ያለ መኪና ስንፈጥር የፈለግነውን ብናደርግ ነፃ ነን፤ ነገር ግን ሰው የማይገባበት፣ ጎማው የማይዞርበት፣ ጭሱ መውጫ የሌለው መኪና ሥዕል እንጂ ሞዴል አይደለም።

ውዳቂ ዕቃን በሚሊ ሜትር ማየት

አሁን ወደ ዕቃ ፍለጋ እንውጣ። ፍለጋው የሚጀምረው ከዕቃው ሳይሆን ከቁጥሩ ነው። የሚያስፈልጉንን ልኮች በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን ካሊፐር ወይም ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያ ይዘን እንሄዳለን።

በዘመኑ የተለመደው ቸርኬ 16 ኢንች፣ ማለትም 406 ሚሊ ሜትር ነው። በሞዴሉ 16.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚያገለግለው ተራ ሮንዴላ የውጭ ዲያሜትሩ 16 ሚሊ ሜትር ነው። የውጭ ዲያሜትሩ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በሞዴሉ 28 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ከቧንቧ ሠራተኛ ዘንድ ይህን የሚያህል ወፍራም የጎማ ቀለበት ወይም ጎሚኒ እንጠይቃለን። የጨው ሜዳ መኪናዎች ነፋስ በቸርኬው ውስጥ እንዳይተራመስ ጎማቸውን በለስላሳ የአሉሚኒየም ክብ ይሸፍኑ ነበር፤ እኛም ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ ክብ ቆርጠን ሮንዴላውን እንሸፍንበታለን።

የልጅነታችን ጎማ የሆነው ቆርኪስ? የውጭ ዲያሜትሩ ወደ 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ25 ሲባዛ 80 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለፊት ጎማ ይተልቃል፤ ለትልቅ የኋላ ጎማ ግን ይቀርባል። የልጁ ዓይን ያን ያህል አልተሳሳተም ነበር።

የጭስ መውጫ ቱቦዎች በአብዛኛው 45 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነበሩ፤ በሞዴሉ 1.8 ሚሊ ሜትር። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች «2.5» የሚሉት ነጠላ የመዳብ ሽቦ ስሙን ያገኘው ከቁርጡ ስፋት፣ ማለትም ከ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ስፋት ዲያሜትሩን ብናሰላ 1.78 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልብሱን ገፈን ስድስት ቁራጭ ብናጣምም ስድስት የጭስ ቱቦዎች አሉን። የካንዴላ ገመድ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በሞዴሉ 0.28 ይሆናል። በብዙ ቀጫጭን ክሮች ከተሠራ ተለዋዋጭ ገመድ ውስጥ የሚገኘው አንዱ ክር ብዙውን ጊዜ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ካርቡራተሩ ነው። በቪ8 ሞተር ላይ የተወደደው ስትሮምበርግ 97 ስሙን ያገኘው የአየር መተላለፊያው ጉሮሮ 0.97 ኢንች ስለሆነ ነው። ይህ 24.6 ሚሊ ሜትር፣ በሞዴሉ ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ቀዳዳ ነው። ያለቀ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ያለው ሾጣጣ ነሐስ ኳሷ ከወጣች በኋላ ለዚህ የሚቀርብ ቀዳዳ ይኖረዋል። የሲሊንደሩ ዲያሜትርም ወደ 78 ሚሊ ሜትር ስለነበር በሞዴሉ 3.1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሞተሩን ከተደራረቡ የፕላስቲክ ቁራጮች ስንሠራ በሲሊንደሮቹ መካከል የምንተወው ርቀት በዚህ ይወሰናል።

ሁለት ኩባያ ውሃ እና አንድ እፍኝ ጨው

ቀጣዩ ችግር የትኛው ፕላስቲክ ከየትኛው ጋር ይጣበቃል የሚለው ነው። ሞዴል ሠሪዎች የሚወዱት ፖሊስታይሪን ነው፤ ምክንያቱም የሚጣበቀው በእውነተኛ ትርጉሙ በመዋሐድ ስለሆነ ነው። ቀለም የሚያቀጥነው ቲነር ያለ አሟሚ ፈሳሽ በመጋጠሚያው ላይ ሲነካ የፖሊስታይሪን ረጃጅም ሞለኪውሎች ይላላሉ፤ የሁለቱ ቁራጮች ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ ፈሳሹ ሲተን ሁለቱ ቁራጮች አንድ አካል ይሆናሉ። ፖሊኢቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ግን በእነዚህ ፈሳሾች አይሟሙም፣ ሱፐር ግሉም በደንብ አይዛቸውም። የሻምፑ ጠርሙስ መልኩ ቢያምርም ሞዴል ሠሪውን የሚያሳዝነው ለዚህ ነው፤ በብሎን ወይም በሽቦ ካልታሰረ በቀር ይላቀቃል።

ብዙ ዕቃዎች በሥራቸው በሦስት ማዕዘን ቀስቶች መካከል ቁጥር ታትሞባቸዋል። 1 ፔት፣ 2 እና 4 ፖሊኢቲሊን፣ 3 ፒቪሲ፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን፣ 6 ፖሊስታይሪን ነው። የተሰበረ ቁራጭ ግን ቁጥር ላይኖረው ይችላል። ያን ጊዜ እፍግታ ይረዳናል። በአንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ፣ በሌላው ጨው ሊሟሟበት እስከማይችል ድረስ የገባበት ውሃ እናዘጋጅ። የንጹሑ ውሃ እፍግታ 1.0፣ የጨዋማው ወደ 1.2 ግራም በኪዩብ ሳንቲ ሜትር ነው። ፖሊኢቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ስለሚቀሉ በሁለቱም ላይ ይንሳፈፋሉ። ፔትና ፒቪሲ ከ1.3 በላይ ስለሆኑ በሁለቱም ይሰጥማሉ። ፖሊስታይሪን 1.05 ስለሆነ በንጹሑ ሰጥሞ በጨዋማው ይንሳፈፋል። ቁራጩ ትንሽ፣ የአየር አረፋ ያልያዘና ያልተነፋ መሆን አለበት፤ የማሸጊያ ፎም በአየር የተሞላ ፖሊስታይሪን በመሆኑ በዚህ መንገድ አይለይም።

አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በስንት ዲግሪ ነው?

ያስተማረኝን ስሕተት የምነግረው እዚህ ላይ ነው። የመኪናውን አካል ለመሥራት በመጀመሪያ ከለስላሳ እንጨት 33 በ132 ሚሊ ሜትር የሆነ የጠብታ ቅርጽ ለሁለት ከፍዬ ቀረጽሁ። አሳቤ የፖሊስታይሪን ሉህ አለስልሼ በእያንዳንዱ ግማሽ ላይ በመጫን ሁለት ቅርፊቶች ማውጣትና መግጠም ነበር። ፖሊስታይሪን ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ከደረቅነት ወደ ልስላሴ ይሸጋገራል። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብዬ ከምግብ ክዳን የቆረጥሁትን ሉህ በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ከተትሁት። አውጥቼ በእንጨቱ ላይ ስጫነው ጥቂት ጎበጠና ተመልሶ ተቃና። ሁለተኛውን ረዘም ላለ ጊዜ ቀቀልሁት፤ ያም አልሆነ። በሦስተኛው ጉልበት ስጨምር ከመካከል ተሰነጠቀ። ፕላስቲኩ የተሳሳተ ነው ብዬ ሌላ ፍለጋ ሁለት ቀን አባከንሁ።

ስሕተቱ በፕላስቲኩ አልነበረም። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንዴ ከፈላ በኋላ የቱንም ያህል እሳት ቢጨመርበት መትነኑ ይፈጥናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። የእኔ ሉህ ለሰዓታት ቢቀቀልም ከሚለሰልስበት ደጃፍ ስምንት ዲግሪ ርቆ ይቀር ነበር። ይህን እውነት ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በእጄ ላይ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ እስኪያስታውሰኝ ድረስ ግን የወረቀት እውቀት ነበር።

መፍትሔው ከሁለተኛው ኩባያ መጣ። ጨው የውሃን የመፍላት ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ እስከ መጨረሻው ጨው የጠገበ ውሃ ከንጹሕ ውሃ ይልቅ ወደ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዲግሪ ከፍ ብሎ ይፈላል። በአዲስ አበባ ይህ ወደ 100 ዲግሪ ያደርሰናል። በጨዋማው ውሃ የተነከረው ስስ ሉህ በእርግጥ ታጠፈ፤ የመቀመጫውንና የወለሉን ጉብጠት በዚህ መንገድ ሠራሁ። ፊቱን፣ ማለትም በሁለት አቅጣጫ የሚጎብጠውን ደብልባ ክፍል ለመጫን ግን ፕላስቲኩ መለስለስ ብቻ ሳይሆን መለጠጥም ስላለበት በኤሌክትሪክ ኦቨን ውስጥ ወደ 130 ዲግሪ ማድረስ አስፈለገ። በዚህ ሁሉ ወፍራም ጓንት ማድረግና መስኮት መክፈት ያሻል። ፖሊስታይሪን ከነበልባል ጋር መገናኘት የለበትም፤ በጥቁር ጭስ ይቃጠላል፣ ጭሱም ይጎዳል። ቲነርም በቀላሉ የሚቀጣጠልና ትንፋሽን የሚጎዳ ስለሆነ ከእሳት ርቆ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ በጠብታ ብቻ መሥራት ይገባል።

ሁለቱ ቅርፊቶች ሲጋጠሙ የፕላስቲክ ፍርፋሪ በጥቂት ቲነር አሟምቶ የሚገኘው ሊጥ መሰል ነገር ክፍተቱን ይሞላል። ሲደርቅ ያው ፖሊስታይሪን ስለሆነ ከአካሉ እኩል በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል።

ሞዴልን የሚያጋልጡ ሦስት ነገሮች

ሁሉም ልክ ሆኖ ሳለ አንዳንድ ሞዴል መጫወቻ ይመስላል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በስኬል ያልተቀነሰ ነገር መኖሩ ነው።

የመጀመሪያው ጠርዝ ነው። የእኛ ፕላስቲክ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን በእውነተኛው መኪና 25 ሚሊ ሜትር ወፍራም ብረት ማለት ነው። ይህ የጦር ታንክ እንጂ የአውሮፕላን ታንከር አይደለም። አካሉን በሙሉ ማሳሳት አያስፈልግም፤ ዓይን የሚያየው ጠርዙን ነውና በሾፌሩ መቀመጫ ዙሪያ ያለውን ጠርዝ ከውስጥ በኩል ፍቆ ማሳሳት ይበቃል።

ሁለተኛው ቀለም ነው። ውፍረቱ 0.05 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለም በስኬሉ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል፤ መገጣጠሚያዎችንና የብሎን ራሶችን ይውጣል። ስለዚህ ከአንድ ወፍራም ይልቅ እጅግ የቀጠነ ቀለም ደጋግሞ መንፋት ይሻላል።

ሦስተኛው ክብደት ነው፤ ይህኛው በስኬል የሚመጣ እንጂ በሠሪው ስሕተት የሚመጣ አይደለም። 700 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከዚያው ቁስ በ1/25 ቢሠራ 45 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፤ ክብደቱ በ15,625 ሲቀንስ ጎማው መሬት የሚነካበት ስፋት ግን የሚቀንሰው በ625 ነው። ስለዚህ በመሬቱ ላይ የሚያርፈው ግፊት ከእውነተኛው 25 ጊዜ ያንሳል። እውነተኛ ጎማ ከታች ጠፍጠፍ፣ ባሌስትራም ጎበጥ ይላል፤ የሞዴሉ ግን ምንም አይሰማውም፤ መኪናዋ በአየር ላይ የተንሳፈፈች ትመስላለች። ሠሪው የጎማውን ሥር በጥቂቱ በመፋቅ የጠፋውን ክብደት ለዓይን ይመልሳል። በአሉሚኒየሙ ክብ ሥር የተደበቀው የብረት ሮንዴላም አራቱ ጎማዎች እኩል መሬት እንዲይዙ ይረዳል።

በዚሁ ምክንያት ሞዴሏን በማራገቢያ ፊት አቁሞ ስለ እውነተኛው መኪና የነፋስ ጠባይ መደምደም አይቻልም። አየር ግን እንደ ፕላስቲክ በ25 አልተካፈለም። በትንሽ አካል ዙሪያ የሚፈስሰው አየር ከትልቁ ጋር ተመሳሳይ ጠባይ እንዲኖረው በዚያው ልክ በ25 እጥፍ መፍጠን ይኖርበታል፤ ይህም ከድምፅ ፍጥነት የሚያልፍ ይሆናል። ሞዴል ስለ ቅርጽ እውነቱን ይነግረናል፤ ስለ ኃይልና ስለ ክብደት ግን ስሌቱን ካላስታወስን ያታልለናል።

ማጠቃለያ

አሁን በጠረጴዛዬ ላይ ያለችው መኪና ርዝመቷ ከአንድ እስክሪብቶ እምብዛም አይበልጥም። ጎማዎቿ ከቧንቧ ሥራ፣ የጭስ ቱቦዎቿ ከቤት ኤሌክትሪክ መስመር፣ ካርቡራተሮቿ ካለቁ እስክሪብቶዎች፣ አካሏ ከምግብ ክዳን የመጡ ናቸው። በግራ ጎኗ ላይ ከተሰነጠቀው ሉህ የተረፈ አንድ ቁራጭ ሆን ብዬ ለጥፌያለሁ፤ ቢል በርክም የተጎዳ ታንከር ቢያገኝ የሚጥለው አይመስለኝም።

ለዚህ ሥራ የተሟላ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ካሊፐር፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለት ኩባያ ውሃና ጨው፣ እንዲሁም በ25 ማካፈል የሚችል ሰው ይበቃሉ። በክፍል ውስጥ በቃል የተያዘው የመፍላት ነጥብ፣ እፍግታ፣ የስፋትና የይዘት ዝምድና በእጅ ላይ ሲመጣ ሌላ ክብደት አለው፤ ሲሳሳቱበት ደግሞ ወዲያው ይነግራል። ምናለሽ ተራን ወይም የሰፈሩን ጥራጊ ከዚህ በኋላ ሲያልፍ አንባቢ ኪሱ ውስጥ ማስመሪያ ቢኖረው መልካም ነው። በዚያ ከተከመረው ነገር ውስጥ ውዳቂው ምን ያህል፣ ገና ያልተለካው ምን ያህል እንደሆነ ያን ጊዜ ራሱ ይፈርዳል።